የገበና አንባቢ

እሁድ ማታ ቤቱ ትንፋሹን አልያዘም ነበር። ምንትዋብ ይህን ያስተዋለችው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ልጇን ልትወስድ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ማስተዋሏ የሚፈይደው ነገር አልነበረም።

ሌላ ጊዜ እሁድ ሲመሽ፣ ቤቱ ስለ ነዋሪዎቹ የመዘገበው ሳምንታዊ ሪፖርት በሚላክበት ሰዓት፣ ማቀዝቀዣው፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ፣ የመታጠቢያው ቱቦና ግድግዳው ውስጥ የሚያጉረመርመው ነገር ሁሉ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ማጉረምረሙን ይቀጥላል። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው፤ ሰው ለምዶታል። ባለፈው እሁድ ግን ጸጥታው አልመጣም። ምንትዋብ የልጇን የሶስናን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር። የሆነ ነገር የቀረ መስሏት ቀና አለች፤ ምድጃው ላይ የጣደችው ወጥ ትዝ አላትና ሄዳ አማሰለችው። በዚያው ረሳችው።

አሁን የትምህርት ቤቱ በር ፊቷን አይቶ አልተከፈተም። ዘበኛዋ፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰች ሴት፣ ከወንበሯ ሳትነሳ ተናገረች።

«እህቴ፣ ቤትሽ ሪፖርት የለውም።»

«እንዴት የለውም? በየሳምንቱ ይሄዳል።»

«ይሄድ ነበር። ጊዜው አልፎበታል።»

ከመስታወቱ ወዲያ ሶስና ቦርሳዋን አዝላ ቆማለች። እናቷን ስታይ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ጨፈለቀችው፤ ምንትዋብን ሁልጊዜ የሚያስቃት ይህ ነበር። ምንትዋብ አልሳቀችም። እጇን ብቻ አነሳች።

«ሪፖርት ለሌለው ቤት ልጅ አንለቅም፤ ታውቂዋለሽ» አለች ዘበኛዋ። «እስክንዘጋ ድረስ ጊዜ አለሽ። ከዚያ በኋላ ወደ ማቆያ ነው። ለአንድ ሌሊት ነው እንግዲህ፣ ምንም አይደል።»

ምንትዋብ ማቆያውን ታውቀዋለች። የአራተኛ ፎቋ የፀሐይነሽ ልጅ መጋቢት ላይ ለአንድ ሌሊት ገባ። አሁን ጥቅምት ነው። ፀሐይነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ በመስታወት ታየዋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እያለቀሰ መስታወቱን ይደበድብ ነበር። አሁን ሥነ ሥርዓት ይዟል። «እንደምን አሉ?» ይላታል፤ እናቱን አንቱ ይላታል።

ምንትዋብ ወደ ሰፈሯ የምትወስደውን ባስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ የታያት ሶስና አንቱ ስትላት ነው።

የህንጻው ጽሕፈት ቤት ምድር ላይ፣ ከሥጋ ቤቱ ጎን ነው። የሪፖርት ጉዳይ የምትሠራው ወይኒቱ የምትባል ወጣት ናት። ምንትዋብ ስሟን ስትነግራት ወይኒቱ ፊቷ ያለውን ስክሪን አይታ ማስቲካዋን ወደ ሌላው ጉንጯ አዛወረች።

«ሦስት ወር ሙሉ ማንም ሰው አልከፈተውም» አለች። «ማንም ያልከፈተው ሪፖርት ጊዜው ያልፍበታል። ዝም ብሎ ለማንም አይላክማ።»

«ትምህርት ቤቱስ? በየሳምንቱ ይደርሰዋል።»

«እዚያ የሚያየው ማሽን ነው። ማሽን አይቆጠርም።»

«ጎረቤቶቼስ? ሁሉም ይከታተሉኛል እኮ።»

«ይከታተሉሻል። አልከፈቱትም።»

ነገሩ እውነት ነበር። በዚህ ህንጻ አዲስ ሰው ሲገባ ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየመጣ ስሙን ከሪፖርቱ ተከታታዮች መካከል ያስገባል። እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ጎረቤትን አለመከታተል ለቅሶ እንደ መቅረት ያስቀይማል። ከፍቶ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሰው ገበና ውስጥ እጅ መክተት ነው። ስለዚህ ሁሉም ይከታተላል፤ ጨዋ የሆነ ሰው አይከፍትም። ምንትዋብም የደረጃውን ሰው በሙሉ ትከታተላለች። የአንዱንም ከፍታ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራ ነበር።

«እና ምን ይሻላል?»

«ከተከታታዮችሽ አንዱ ያንብብልሽ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ሦስቱን ወር። ዘሎ ቢያልፍ ይታወቅበታል፣ ስልኩ ዓይኑን ያያል።»

«እኔ ላንብበው።»

«የራስ አይቆጠርም። ባልሽም አይቆጠርም። የቀረበ ዘመድም አይቆጠርም።» ወይኒቱ ሰዓቷን አየች። «ብትፈጥኚ ጥሩ ነው።»

ደረጃውን እየወጣች ለባሏ ደወለች። ሱራፌል አፋር ውስጥ የጨው ሥራ ላይ ነው፤ በወር አንዴ ይመጣል።

«ማንም አያነበውም ነበር ማለት ነው?» አለ ሱራፌል። «እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ የእግሬን ነገር ያውቃል ብዬ ጫማ ማውለቅ ትቼ ነበር።»

«ሱራፌል፣ ልጅህን ይዘዋታል።»

«ጋሽ ደርበው ዘንድ ሂጂ» አለ። «እሳቸው እምቢ አይሉም።»

ጋሽ ደርበው ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ደረጃ ላይ ሴት ሲያገኙ ግድግዳ ተደግፈው የሚያሳልፉ ሰው ናቸው። በሩን ከፍተው ሰሟት፤ ሲሰሟት ፊታቸው ቀላ።

«ምን በደልኩሽ ምንትዋብ?» አሉ። «የሰው ገበና አንብብ ትይኛለሽ?»

«የኔ ነው እኮ ጋሼ። እኔ ነኝ አንብቡልኝ ያልኩት።»

«አንቺ ብታሳይኝም እኔ አላይም። ነገ በምን ዓይኔ ደረጃ ላይ አገኝሻለሁ?» ዘንጋቸውን ከበሩ ኋላ አነሱ። «ይልቅ ተነሺ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ አብሬሽ ልሂድ። ኃላፊውን አናግራለሁ። የጨዋ ቤት ነው እላለሁ።»

«ጋሼ፣ እዚያ የሚነጋገሩት ሰው የለም። በር ነው ያለው።»

ከውስጥ ባለቤታቸው ተናገሩ። «ማን ናት? ምንትዋብ ናት? እንከታተልሻለን እኮ የኔ ልጅ፣ አንድ ቀን አቋርጠንሽ አናውቅም።»

«አውቃለሁ እማማ» አለች ምንትዋብ። ጋሽ ደርበው ከልባቸው አዝነው፣ ጎንበስ ብለው በሩን ዘጉ። ምንትዋብ ከእኝህ ደግ ሰው በር ላይ ቆማ፣ በሕይወቷ ማንንም እንዲህ ጠልታ እንደማታውቅ ገባት።

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ቃልኪዳን እኩያዋ ናት። ምንም ሳትከራከር ስልኳን አወጣች። «ነይ ቁጭ በይ፣ ምን አለው ታዲያ፣ ሁላችንም ሰው ነን» አለች። ጮክ ብላ አታነብም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ምንትዋብ የምታየው ፊቷን ነው። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥላ ፈገግታዋን ዋጠችው። ከዚያ የፍሳሹ ክፍል ደረሰ፤ በሽንት ቤቱና በቱቦው የወረደው ሁሉ በቀለሙ፣ በውፍረቱ፣ በሽታው የተጻፈበት። የቃልኪዳን አፍንጫ ተሸበሸበ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተነሳች፤ ከመታጠቢያው ሳትደርስ ኮሪደሩ ላይ አስመለሳት።

«ይቅርታ ምንትዋብዬ» አለች አፏን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እርጉዝ ነኝ እኮ፣ ያንቺ ሆኖ አይደለም። ማንም ይሁን ያስመልሰኛል።» ዓይኗ ግን የምንትዋብን እጅ እያየ ነበር፤ በሩን የነካችበትን እጅ። ስልኩም ንባቡ መቋረጡን አውቆ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሷል።

ምንትዋብ ያስመለሰችውን ልትጠርግላት ጎንበስ አለች። «ተይው፣ ተይው» አለች ቃልኪዳን፣ ትንሽ ፈጠን ብላ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣል አድርጋ፣ «ለምን እትዬ አሰገደች ዘንድ አትሄጂም?» አለች። «እሳቸው ያነባሉ።»

«ከተከታታዮቼ አስወጥቻቸዋለሁ።»

ቃልኪዳን ቀና ብላ አየቻት። «ምን ሆነሽ ነው? እሳቸውን የሚያስወጣ ሰው አለ? ሁላችንም እኮ በእሳቸው ነው...» አልጨረሰችውም።

እትዬ አሰገደች የመጨረሻው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ሰው ደረጃ ላይ ሲያያቸው ስልኩን እንደሚያይ ሆኖ ያልፋል። ሐምሌ ላይ ምንትዋብን ሦስት ጎረቤት ባለበት አስቁመው፣ «የልጅሽ ሆድ ደርቋል፣ ፓፓያ ስጫት» አሏት። ምንትዋብ በዚያው ቀን ስማቸውን ከተከታታዮቿ ሰረዘችው። ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ያደረገች መስሏት ነበር። ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ወደ ላይ ወጣች፤ የአሮጊቷ በር ሳታንኳኳው ተከፈተ።

«ቃልኪዳን ስታስመልስ እስከዚህ ተሰማኝ» አሉ እትዬ አሰገደች። «ይሄማ የምንትዋብ ነው አልኩ። ግቢ።»

ክፍሉ የብል መድኃኒትና የቆየ ቅባት ሽታ አለው። መስኮቱ ከተከፈተ ቆይቷል። እትዬ አሰገደች የዱባ ፍሬ እየፈለቀቁ ይበላሉ፤ ገለባውን በመዳፋቸው እየተፉ ከቀሚሳቸው ጠርዝ ላይ ያራግፉታል።

«አስወጥተሽኛል» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«ሰው ፊት ስለ ልጄ ሆድ ተናገሩ።»

«ደርቆባት ነበራ። ፓፓያውን ሰጠሻት?»

ምንትዋብ ወለሉን አየች። «ሰጥቻታለሁ።»

«ለቀቀላት?»

«ለቀቀላት።»

«እንዲህ ነው እንጂ።» አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። «በዚህ ህንጻ ማን ያነባል መሰለሽ? የደርበውን ማን ያነብለታል? ጨዋ ነው አይደል፣ ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፋል። ጨዋነቱን የማነብለት እኔ ነኝ። እኔ ባላነብ ይሄን ጊዜ የልጅ ልጁ ማቆያ ነው። ተናግሮኝ ግን አያውቅም፤ አቋርጦኝም አያውቅም። መልሰሽ አስገቢኝ።»

ምንትዋብ ስማቸውን መልሳ አስገባች። እትዬ አሰገደች የሌባ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው የስልካቸውን መስታወት ነኩ። ባነበቡ ቁጥር ጣታቸውን ያረጥባሉ፤ መስታወቱ ላይ የምራቃቸው ዱካ ቀስ በቀስ ተጋደመ። እሳቸው ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት።

««ወተት፣ የጎመዘዘ። ተፈልቶ ለልጅ ተሰጥቷል።» አይ ምንትዋብ።»

«ሌላ አልነበረም።»

«እኔ አልፈረድኩም። ደርበውም ያፈላል። «የአባወራ እግር፣ በጣት መሃል የሚላላጥ ቁስል፤ ከወለል ላይ የተገኘ ቅርፊት።» ይሄ ልጅ ቅባት የለውም? «ፀጉር፣ የእናት፣ በመታጠቢያው ቱቦ፣ ከወትሮው የበዛ።» ሐሳብ ነው። ሐሳብ ፀጉር ይበላል።»

ምንትዋብ በመስኮቱ በኩል ፀሐይዋን ታያለች። ፀሐይዋ እየወረደች ነው። «ትንሽ ቢያፈጥኑት፣ እትዬ።»

«ካፈጠንኩ ያውቅብናል። ቁጭ በይ።» እንደገና ጣታቸውን ላሱ። ሦስት ወር የበሉት፣ ያስወጡት፣ የላባቸው ሽታ፣ የአንሶላው እድፍ፣ ሱራፌል የመጣ ሰሞን ሌሊቱ፣ ሁሉም በአሮጊቷ አፍ ውስጥ ከዱባ ፍሬው ጋር እየታኘከ ወጣ። ሌሊቱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አነበቡት ግን። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

««ነሐሴ። እናት በስልክ፤ ‹ያቺ አሮጊት ትል ናት፣ ከሰው እዳሪ ነው የምትኖረው› አለች።» ይሄ እኔ ነኝ?»

ለምንትዋብ ስልኩን ወርውረው ውጪ ሲሏት ታያት፤ የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ ታያት። «እርስዎ ነዎት» አለች።

እትዬ አሰገደች አፋቸው ውስጥ ያለውን ፍሬ አኘኩ። «ትል» አሉ፣ ጣዕሙን እንደሚለዩ ሁሉ። «ቃልኪዳን ጥንብ አንሳ ነው ያለችኝ። ያንቺ ይሻላል።» ንባባቸውንም ቀጠሉ።

ወደ መጨረሻው ሲደርሱ እንደገና ቆሙ። ««እናት ሌሊት ሌሊት ከልጅ አልጋ አጠገብ ትንበረከካለች፤ ፊቷን ከልጅ አፍ ታስጠጋለች። ያልታወቀ ድርጊት።» ምን ታደርጊያለሽ?»

«መተንፈሷን አያለሁ።»

«በየሌሊቱ?»

«በየሌሊቱ።»

«ማሽኑ አላወቀውም» አሉ እትዬ አሰገደች። ደስ ብሏቸዋል። እጃቸውን ዘርግተው የምንትዋብን ጉንጭ በእርጥብ ጣታቸው ቆነጠጡ። «እኔ ግን አወቅሁት።» «ያልታወቀ ድርጊት» በሚለው ቦታ የራሳቸውን ቃል ጻፉበት። ምንትዋብ ጉንጯን መጥረግ ፈለገች። አልጠረገችም፤ ፊት ለፊቷ ናቸው።

ንባቡ ሲያልቅ ሁለቱም ስልኮች አንድ ላይ ተናገሩ። ሪፖርቱ ተመልሷል። ቤቱ ግን ጊዜው ካለፈበት ከእሁድ ወዲህ ምንም አልመዘገበም፤ የጎደለውን አንባቢ በቤቱ አድሮ በዓይኑ አይቶ ይሙላ። ልጅ በአንባቢ አጃቢነት ትለቀቃለች።

ምንትዋብ መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ቀና ስትል እትዬ አሰገደች ነጠላ ጫማቸውንና የሌሊት ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ማቆያው አለ» አሉ። «እንሂድ፣ ሊዘጉ ነው።»

ዘበኛዋ ወንበሯን እያስገባች ሳለ ደረሱ። በሩ የአሮጊቷን ፊት አይቶ ተከፈተ። ሶስና እየሮጠች መጥታ የእናቷን ወገብ አቀፈች። ምንትዋብ የልጇን ጭንቅላት ሆዷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ ያላለቀሰችው ዘበኛዋ ስለምታይ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ እኚህ ማናቸው?»

«እትዬ አሰገደች ናቸው። ዛሬ እኛ ጋ ነው የሚያድሩት።»

እትዬ አሰገደች ጎንበስ ብለው የልጅቷን አናት አሸተቱ። «ላብ፣ ጠመኔ፣ ብርቱካን» አሉና ስልካቸው ላይ ጻፉ።

ቤት እንደገቡ ሥራቸውን ጀመሩ። የድስቱን ክዳን እያነሱ አሸተቱ። ፎጣውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሳቡት። ትራሱን ገለበጡት፤ የሱራፌልን አሮጌ ካልሲ ከአልጋ ሥር አውጥተው በሁለት ጣት አንጠልጥለው ለብርሃን አሳዩት። ግድግዳው ውስጥ ያለው ነገር ስንት ዓመት ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። ምንትዋብ ግን አፍንጫ ሲንቀሳቀስ፣ ከንፈር ሲረጥብ አይታ አታውቅም ነበር። እራት ሲቀርብ እሳቸው ጥግ ይዘው የሰውን አፍ ያዩ ነበር። ምንትዋብ ጉርሻውን በውሃ አወረደችው።

ሶስና ወደ ሽንት ቤት ገባች። አሮጊቷ በሩን ይዘው ቆሙ።

«ውሃ አትልቀቂበት የኔ ልጅ። መጀመሪያ እኔ ልይ።»

ልጅቷ ሱሪዋን እንደያዘች ወደ እናቷ ዞረች። ፊቷ ላይ ገና ኀፍረት አይደለም ያለው፤ ጥያቄ ነው። ምንትዋብ እምቢ በይ ብትላት እምቢ ትላለች። ከዚያ በሚመጣው እሁድ ሪፖርቱ ባዶ ሆኖ ይሄዳል፤ ሰኞ በሩ አይከፈትም።

«ይዩ» አለች ምንትዋብ።

እትዬ አሰገደች አጎንብሰው አዩ። ጊዜ ወስደው አዩ። ሶስና ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትጠብቃቸዋለች።

«ጥሩ ነው» አሉ ቀና ብለው። «ለስለስ ብሏል። ጎበዝ።»

ሶስና እንደተመሰገነ ልጅ ፈገግ አለች። ምንትዋብን ከሁሉ የባሰ ያቅለሸለሻት ይህ ፈገግታ ነው። ወደ ወጥ ቤት ሄዳ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ማስመለስ አልቻለችም፤ ብታስመልስ እሱንም ያዩታል።

ልጅቷ ተኛች። እትዬ አሰገደች ሶፋው ላይ ነጠላቸውን አነጠፉ፤ ከዚያ ቤቱን ዞረው አዩ።

«የሽንት ቤቱ በር ክፍት ይደር» አሉ። «የመኝታ ቤቱም። ከእንግዲህ ሪፖርትሽን ዓመቱን ሙሉ የማነበው እኔ ነኝ፣ እየተሸፋፈንን አንዘልቀውም። የውጪውን ግን ዝጊው፣ ሰፈሩ ሌባ በዝቶበታል።»

ምንትዋብ የውጪውን በር ያዘች። ደረጃው ላይ ጋሽ ደርበው ቆሻሻ ጥለው እየተመለሱ ነበር። በተከፈተው በር በኩል አሮጊቷን በሌሊት ልብስ አዩዋቸው፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ደህና እደሩ» አሉ ለግድግዳው።

«ደህና ይደሩ ጋሼ።»

የእግራቸው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከኋላዋ የዱባ ፍሬ ይፈለቀቃል። የአሮጊቷን ክንድ ይዛ ብትገፋቸው ቀላል ናቸው፤ እስከ ደረጃው ሁለት እርምጃ ነው። እንዴት እንደሚወድቁ እንኳ ታያት። ከመኝታ ቤቱ ሶስና በእንቅልፏ አንድ ነገር አጉተመተመች፤ አሮጊቷም መፈልቀቁን ትተው ጆሯቸውን ወደዚያ አዘነበሉ።

«ምን አለች?» አሉ፣ ስልካቸውን እያነሱ።

«ውሃ ነው ያለችው» አለች ምንትዋብ። በሩን ገፋችው፤ ቁልፉንም አዞረችው።